ከምድጃው ጀርባ ያለው ግድግዳ ምን ይልበስ?

ሴራሚክ፣ ዕብነ በረድ፣ ላሜራ ወይስ ሊሾ? በደቡብ ጎንደር ዋጋውን የሚወስኑት መንገዱና ጭቃው ናቸው

ቤት የሚሠራ ሰው ገንዘቡን በመሠረት፣ በቆርቆሮና በሳሎን ይጨርሳል። ማድ ቤቱ ጋ ሲደርስ ኪሱ ሳስቷል፣ ትዕግሥቱም አልቋል። ግንበኛው እዚህስ ምን እናድርግ ብሎ ሲጠይቅ የሚሰጠው መልስ «ለጊዜው ቀለም ቀባው» የሚል ነው። ያ «ለጊዜው» ዐሥር ዓመት ይቆያል።

ከምድጃው ጀርባ ያለው ግድግዳ ግን ከቤቱ ግድግዳ ሁሉ አብልጦ የሚለፋው ነው። ሽንኩርት ሲቁላላ ዘይቱ ይፈናጠርበታል፤ ወጡ ሲንተከተክ በርበሬው ይረጭበታል፤ እንጀራ ሲጋገር የምጣዱ እንፋሎት ያረጥበዋል። ማገዶ የሚነድበት ቤት ከሆነ ደግሞ ጥላሸት ይለብሳል። ውሃ ቀለም የተቀባ ግድግዳ ይህን ሁሉ ይጠጣል። በእርጥብ ጨርቅ ሲታሽ ቀለሙ ከእድፉ ጋር አብሮ ይነሣል።

ነገሩ የመልክ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለገበያ ገጽ ባልበቃ ነበር። ሆኖም በደብረ ታቦር፣ በነፋስ መውጫ፣ በመካነ ኢየሱስ ወይም በወገዳ ቤቱን የሚያድስ ቤተሰብ ለዚህች ትንሽ ግድግዳ የሚያወጣው ብር ቀላል አይደለም። ምርጫውን የተሳሳተ እንደሆነ ደግሞ ሁለት ጊዜ ይከፍላል፤ አንዴ ለማልበስ፣ አንዴ ለማፍረስ።

በአዲስ አበባ ይህ ጥያቄ የገነነው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ሲስፋፋ ነው። ብዙዎቹ ቤቶች ማጠናቀቂያ ሥራቸው ሳያልቅ ለባለ ዕድለኞች ስለተላለፉ የወጥ ቤቱን ግድግዳ ማልበስ የነዋሪው ፋንታ ሆነ። ሴራሚክ መለጠፍ ያኔ የብዙ ወጣቶች እንጀራ ለመሆን በቃ። ፋሽኑም ሠራተኛውም ከዚያ ወደ ክልል ከተሞች ተጓዘ። ወደ ጋይንት ሲደርስ ግን የገጠመው ሌላ ዓይነት ማድ ቤት ነው።

እሳቱ መሬት ላይ ነው

የሴራሚክ መደብሮች በሚያሳዩት ሥዕል ላይ ምድጃው ከወገብ በላይ ባለ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። የሚለብሰው ግድግዳም ከጠረጴዛው እስከ ላይኛው ቁም ሣጥን ያለው 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ብቻ ነው። ይህን ይዞ ሒሳብ ለሚያወጣ ሰው ነገሩ ቀላል ይመስላል። 3 ሜትር ርዝመት ያለው ግድግዳ በ60 ሳንቲ ሜትር ሲባዛ 1.8 ካሬ ሜትር ይሆናል። 20 በ20 በሆነው ሴራሚክ 45 ፍሬ፣ 30 በ60 በሆነው ደግሞ ልክ 10 ፍሬ ይበቃዋል።

በደጋው አገር ማድ ቤት ግን እሳቱ ያለው መሬት ላይ፣ ቢበዛም ከጉልበት በታች ነው። ጉልቻም ሆነ ምጣድ የተቀመጠበት ግድግዳ የሚጠቃው ከወለሉ ጀምሮ ነው። ስለዚህ ከወለል እስከ 1 ሜትር ከ20 ከፍታ ማልበስ ግድ ይላል። 2 ሜትር ርዝመት ላላት ትንሽ ማድ ቤት እንኳ 2.4 ካሬ ሜትር ይሆናል። በሥዕሉ ተመርቶ ከወገብ በላይ ያለበሰ ሰው ከታች ያለው ግድግዳ ሲጠቁርና ሲፈረፈር ያያል። ገንዘቡን ያዋለው እሳት በማይደርስበት ቦታ ነውና። የኤሌክትሪክ ምጣድና የጋዝ ምድጃ ጠረጴዛ ላይ የሚያስቀምጥ ቤተሰብ ብቻ የሥዕሉን ልክ ቢከተል ያዋጣዋል።

ጭቃ ሴራሚክ አይሸከምም

ከሴራሚኩ ዓይነት በፊት መጠየቅ ያለበት ግድግዳው ከምን እንደተሠራ ነው። ብሎኬት ወይም ድንጋይ ከሆነ ነገሩ ያለቀ ያህል ነው። ግድግዳው ይታጠባል፣ በሲሚንቶና በአሸዋ ይለሰናል፣ ውሃ ልኩና ቱንቢው ይታያል፣ ይለጠፋል።

በደቡብ ጎንደር አነስተኛ ከተሞች ግን ብዙው ቤት ቋሚና ማገር ተደርጎ በጭቃና በጭድ የተመረገ ነው። ጭቃ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል። እንጨቱም እንዲሁ ይንቀሳቀሳል። ሲሚንቶ ደግሞ ከደረቀ በኋላ ንቅንቅ አይልም። ሁለቱን በቀጥታ ያጋባ ሰው በመጀመሪያው ክረምት ከግድግዳው ጀርባ ባዶ ድምፅ ይሰማል፤ ሴራሚኩን በጣት ሲቆረቁሩት ከበሮ ይመስላል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው የመውደቂያው ቀን ብቻ ነው። አንድ 30 በ60 ሴራሚክ ከ2 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን ምድጃ ሥር በተቀመጠች እናት ወይም በምትድህ ሕፃን ላይ ሲወድቅ ጉዳቱ የገንዘብ ብቻ አይሆንም።

መፍትሔ የለውም ማለት ግን አይደለም። የላላው ምርጊት እስከ ማገሩ ድረስ ይነሣል፤ በእንጨቱ ላይ ምስማር ይመታና የሽቦ መረብ ተወጥሮ ይታሰራል፤ በመረቡ ላይ ሲሚንቶ በሁለት ዙር ይለሰናል። ይህ ልስን በጭቃው ላይ ሳይሆን በሽቦውና በእንጨቱ ላይ ስለሚንጠለጠል ሴራሚክ ሊሸከም ይችላል። ሽቦው፣ ምስማሩ፣ ተጨማሪው ሲሚንቶና የሁለት ቀን የሰው ጉልበት ግን ከሴራሚኩ ዋጋ ጋር መደመር አለባቸው። አብዛኛው ባለቤት ይህን ሒሳብ የሚያውቀው ካርቶኑን ገዝቶ ቤቱ ካስገባ በኋላ መሆኑ ነው ክፋቱ።

ሌላው የደጋው ጠባይ ብርዱ ነው። ነፋስ መውጫ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ከ4,000 ሜትር በላይ የሚደርሰው የጉና ተራራም ሩቅ አይደለም። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ በሚጥልበት አገር ትኩስ ልስን ቀስ ብሎ ነው የሚጠነክረው። ቆላ ውስጥ በማግሥቱ የሚለጠፍበት ግድግዳ እዚህ ቢያንስ ለሳምንት በእርጥብ ጆንያ እየተሸፈነ መቆየት ይኖርበታል። ቸኩሎ ለሚሄድ የቀን ሠራተኛ ይህ አይመቸውም። ባለቤቱ ግን መቆም ያለበት እዚህ ላይ ነው።

ካርቶኑና መንገዱ

ሴራሚክ በሁለት ይከፈላል ብሎ መያዝ ለገዢ ይበቃዋል። ለግድግዳ የሚሠራው ቀላልና ውሃ የሚጠጣ ሸክላ ሆኖ ፊቱ ብቻ በብርጭቆ መሰል ሽፋን የተለበጠ ነው። በዓለም አቀፉ ደረጃ መሠረት የዚህ ዓይነቱ ሰውነት ከክብደቱ ከ10 በመቶ በላይ ውሃ ይጠጣል። ፖርሰሊን የሚባለው ከ0.5 በመቶ አይበልጥም፤ ጠጣር ነው፣ ከባድ ነው፣ ለመቁረጥም ያስቸግራል። ለወለል ፖርሰሊን ይሻላል። ለማድ ቤት ግድግዳ ግን የተለበጠው ሸክላ በቂ ነው። ሻጩ «ይሄ ፖርሰሊን ነው፣ አይሰበርም» እያለ ዋጋ ሲያስጨምር ገዢው ግድግዳ ላይ የሚረግጥ ሰው እንደሌለ ማስታወስ አለበት።

በአገር ውስጥ ምርት በኩል በሐዋሳ የሚገኘው ታቦር ሴራሚክ በብዙ ቤት ስሙ የታወቀ ነው። ስሙን የሰማ የደብረ ታቦር ሰው የአገሩ ፋብሪካ ቢመስለው አይፈረድበትም፤ ሐዋሳም የራሷ ታቦር ተራራ አላት። ከውጭ የሚገባው ሴራሚክ ደግሞ ዋጋው ከዶላር ጋር ይወጣል። መንግሥት የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ሲፈቅድ በመጀመሪያው ቀን ብቻ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ወደ 74 ብር ዘልሏል። የቻይናም ሆነ የሕንድ ካርቶን ከዚያ በኋላ በድሮው ዋጋ የሚገኝ አልሆነም።

ከዚህ ላይ መንገዱ ይጨመራል። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ፣ በባሕር ዳርና በወረታ በኩል ደብረ ታቦር የሚደርስ ጭነት ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭት ምክንያት መንገዱ በተደጋጋሚ ሲዘጋ ቆይቷል። ጭነት መንገድ ላይ በቆመ ቁጥር ኪራዩ፣ በወረደና በተጫነ ቁጥርም ስብራቱ ይጨምራል። የስብራቱን ኪሳራ ነጋዴው ብቻውን አይሸከምም፤ በቀረው ላይ ያከፋፍለዋል።

30 በ60 የሆነ ሴራሚክ ብዙውን ጊዜ በካርቶን 8 ፍሬ ይሆናል፤ ይኸውም 1.44 ካሬ ሜትር ማለት ነው። ከ20 ኪሎ በላይ ይመዝናል። አስፋልት ላይ ላለው ሰው ይህ ምንም አይደለም። ከአስፋልቱ ወርዶ ወደ ታች ጋይንት፣ ወደ ስማዳ ወይም ወደ ቤተ ልሔም ለሚገባው ግን ኮረኮንቹ አለ፤ አንዳንድ ቦታ ላይም የአህያና የትከሻ ሸክም ነው። እንዲህ ላለው ገዢ ትንንሹ 20 በ20 ይበጀዋል። ትልቁ ማዕዘኑ ሲነካ ሙሉው ይጠፋል፤ ከትንሹ አንዱ ቢሰበር የሚጎድለው አንድ መዳፍ ያህል ነው። የተሰበረውም ቢሆን በጠርዝና በማዕዘን ላይ በቁራጭነት ይገባል። ጠማማ ግድግዳም ቢሆን ትንሹን ይሸከማል፤ ትልቁ ግን የግንበኛውን ጥፋት ሁሉ አደባባይ ያወጣል።

ዕብነ በረድ የሎሚ ጠላት አለበት

ገንዘብ ያለው፣ በተለይም ከውጭ አገር ለወላጆቹ ቤት የሚያሠራ ልጅ፣ ዕብነ በረድ ይመኛል። ኢትዮጵያ በዚህ አልተነፈገችም፤ የቤኒሻንጉል ጉሙዙ ዳለቲ በነጭነቱ የታወቀ ነው። ትግራይና ሐረርጌም አላቸው። ለጠረጴዛ፣ ለደረጃና ለመስኮት ደፍ ያምራል።

ለምድጃ ጀርባ ግን ጥሩ ምርጫ አይደለም። ዕብነ በረድ ከኖራ ድንጋይ የሚወለድ በመሆኑ ሎሚ፣ ኮምጣጤና ቲማቲም ሲነኩት ይበላዋል፤ ያበራ የነበረው ፊቱም ይደበዝዛል። ዘይት የያዘ በርበሬ ደግሞ ውስጡ ይገባል። በርበሬና ቅቤ የማይለየው ማድ ቤት ውስጥ ነጭ ዕብነ በረድ መለጠፍ በነጭ ነጠላ ወጥ እንደመሥራት ነው። ግራናይት በዚህ በኩል ይሻላል፤ አሲድ በቀላሉ አይበላውም። ዋጋውና ክብደቱ ግን ለጭቃ ቤት የሚታሰብ አይደለም።

ድንጋይ ካልቀረ የአገሩስ? የጋይንትና የእስቴ ተራሮች የእሳተ ገሞራ ውጤት ናቸው። ጥቁሩ ጠጣር ድንጋይ በእጅ ያለ ነው። በጋይንት ድንጋይ ጠርቦ መገንባትም የትናንት ሙያ አይደለም። የድጓ ማስመስከሪያ በመሆን የታወቀችው ቤተ ልሔም በክብ የሣር ክዳን ውስጥ ተሸሽጎ የኖረ ባለ አራት ማዕዘን ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን አላት። እሱን በ1955 እ.ኤ.አ. አይቶ ለውጭው ዓለም ያስተዋወቀው ጸሐፊው ቶማስ ፓክናም ነው። ያን የመሰለ የጠረባ ሥራ ለማድ ቤት ማንም አይጠይቅም። ሆኖም ከወለል አንድ ሜትር ያህል በተስተካከለ ጥቁር ድንጋይ የተገነባ የምድጃ ጀርባ ዘይትም ሎሚም እሳትም አያስፈራውም። ሁለት ነገር ብቻ ይታይ። ባለ ቀዳዳው ድንጋይ ጥላሸትና ዘይት ስለሚይዝ ደልደል ያለው ይመረጥ። ከወንዝ ውስጥ የወጣ ውሃ የጠጣ ድንጋይም ሳይደርቅ እሳት አጠገብ አይግባ፤ ሲግል ሊፈነዳ ይችላል። ወጪው ከሞላ ጎደል የጠራቢው ጉልበት ነው፤ ያ ደግሞ በአገሩ የሚከፈል፣ በአገሩ የሚቀር ብር ነው።

ድሃው የሚያሸንፍበት

ከሁሉም ርካሹና ብዙ ሰው የሚንቀው ሊሾ ነው። ለወለል የሚሠራው ያው ሊሾ ግድግዳ ላይ ሲወጣ፣ ማለትም ልስኑ ሳይደርቅ ንጹሕ ሲሚንቶ ተነስንሶበት በማንኪያ ሲታሽ፣ ፊቱ ጠጣርና ለስላሳ ይሆናል። በደንብ ከደረቀ በኋላ ሁለት እጅ የዘይት ቀለም ሲቀባ በሳሙና ውሃ ይታጠባል። የዘይት ቀለሙ ከእሳቱ ቅርብ ባለው ቦታ በሁለትና በሦስት ዓመት ሊነሣ ይችላል። ቢነሣም የሚያስፈልገው አንድ ቆርቆሮ ቀለምና አንድ ቅዳሜ ነው። በብሎኬት ቤት ለሚኖር መካከለኛ ገቢ ላለው ቤተሰብ ከመካከለኛ ደረጃ ሴራሚክ ይልቅ በደንብ የተሠራ ሊሾ ይመረጣል።

ጭቃ ቤቱን ሽቦ ወጥሮ ሲሚንቶ የማይለስን ሰው ደግሞ ከኖራ ጋር ቢስማማ ይሻለዋል። ኖራ እንደ ሲሚንቶ ድርቅ አይልም፤ ጭቃው እንዲተነፍስ ይፈቅዳል። ጎንደርም አብያተ መንግሥቷን ያቆመችው በኖራ ነው። በየዓመቱ አንድ ጊዜ፣ ከክረምት በኋላ፣ ሲቀባ ማድ ቤቱን ያበራል። አይታጠብም፤ ይደገማል።

ላሜራም አለ። ምግብ ቤቶች የሚያለብሱት የማይዝገው ብረት ውድ ነው፤ ቅጥቅጥ ቤት የሚሸጠው ቀጭን ባለ ዚንክ ላሜራ ግን በልክ ተቆርጦ በምስማር ይመታል። ጭቃ ግድግዳ ላይም ይቆማል፣ ምክንያቱም የሚይዘው እንጨቱን ነው። ጠርዙ እጅ እንዳይቆርጥ መታጠፍ አለበት። ኃይለኛ ነበልባል በቀጥታ ሲነካው ይጠቁራል። ቤቱን የተከራየ ሰው ሲለቅ ነቅሎ ይዞት ሊሄድ የሚችለው የግድግዳ ልብስ ይህ ብቻ ነው። ከመምህራንና ከጤና ሠራተኞች ብዙዎች በሚከራዩባቸው ከተሞች ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ገበያውን ያጥለቀለቀው ግን ሌላ ነው፤ በጥቅል የሚሸጥ፣ ዕብነ በረድ የሚመስል፣ ጀርባው ሙጫ ያለው ፕላስቲክ። ስፖንጅ መሳይ፣ ጡብ ቅርጽ ያለውም አለ። ለሳሎን ማዕዘን ጉዳት የለውም። ከምድጃ ጀርባ ግን አይገባም። ፕላስቲክ ሲግል ይጨማደዳል፣ ይቀልጣል፣ ነበልባል ካገኘም ይቀጣጠላል፤ ጭሱም መርዝ ነው። ሣርና እንጨት በበዛበት ማድ ቤት፣ ጎረቤት ከጎረቤት ጣሪያ ለጣሪያ በተጠጋበት ሰፈር፣ ይህ የአንድ ቤት አደጋ ሆኖ አይቀርም። ርካሽነቱ እውነት ነው። ሊገዛ የማይገባው መሆኑም እውነት ነው።

ጥላሸቱ ከየት መጣ?

ሴራሚክ ሻጭ የማያነሣው አንድ ጥያቄ አለ። ግድግዳውን ያጠቆረው ጭስ ወደ ሰውም ገብቷል። የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ ጭስ ሳቢያ በ2020 እ.ኤ.አ. በዓለም 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ይገምታል። ከምድጃው ፊት የሚቀመጡት ሴቶችና በእናታቸው ጀርባ ያሉ ሕፃናት ቀዳሚ ተጎጂዎች ናቸው። ነጭ ሴራሚክ ይህን አይቀንሰውም፤ ቢበዛ በየቀኑ እንዲታጠብ ያደርጋል።

ስለዚህ ማገዶ በሚነድበት ማድ ቤት ለግድግዳው ከተያዘው ብር ቀድሞ ለምድጃው መከፈል አለበት። ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ ጠጠር የሚሠራው ምርት የእንጀራ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ሲነጻጸር እስከ ግማሽ የሚደርስ ማገዶ ይቆጥባል። ጭስ ማውጫ ሲጨመርለትና ከጣሪያው ሥር መተንፈሻ ሲከፈት ግድግዳው የሚለብሰው ጥላሸት ራሱ ይቀንሳል። ያኔ በሊሾና በኖራ መኖር ይቻላል፤ የሴራሚኩም ጉዳይ የምርጫ ነገር ይሆናል። ምድጃው ከግድግዳው አንድ ክንድ ያህል ራቅ ቢል ደግሞ ምንም የማይከፈልበት ጥቅም ነው።

ለመግዛት ለቆረጠ

በካርቶኑ ጎን ላይ የቀለም ምድብ ቁጥር ታትሟል። አንድ ዓይነት የሚመስሉ ሁለት ካርቶኖች ቁጥራቸው ከተለያየ ግድግዳ ላይ ልዩነታቸው ይታያል፤ ሁሉም በአንድ ቁጥር መገዛት አለበት። ከልኩ በላይ ለቆራጣና ለስብራት 10 በመቶ ይጨመራል፤ ከአስፋልት ለሚርቅ 15 ቢሆን አይበዛም። ካርቶኑ ተከፍቶ ሁለት ፍሬ ፊት ለፊት ይጋጠሙና ጠማማነታቸው ይታይ። ባለ ሱቁ ካርቶን አይከፈትም ካለ ሌላ ሱቅ አለ።

ውሃ ጠጪው የግድግዳ ሴራሚክ በሲሚንቶ ሲለጠፍ አስቀድሞ ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ አለበት፤ ደረቅ ሆኖ ከተለጠፈ የሲሚንቶውን ውሃ መጥጦ ማያያዣውን ያደክመዋል። በመጋጠሚያዎቹ መካከል ሁለትና ሦስት ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተዋል። በክፍተቱ የሚሞላው ነጭ ሲሚንቶ በበርበሬ አገር ነጭ ሆኖ አይቆይም፤ ጥቂት ግራጫ ቀለም ቢቀላቀልበት ባለቤቷን ከብዙ መፈግፈግ ያድናታል። የተረፉት አራትና አምስት ፍሬዎች አይሸጡ፣ ለጎረቤትም አይሰጡ። ያ ቁጥር ከሦስት ዓመት በኋላ ደብረ ታቦርም ባሕር ዳርም አይገኝም።